ቀይ የለበሰው ወረቀቴ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው በልጅነቱ ይማራል፣ ሲሸመግል ዳዊቱን ይደግማል፣ አለቀ። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ! አንቺ መሠረት፣ የልጅ ልጄ፣ ሰኞ ማስተርስ ልትጀምሪ ነው አሉ፣ ፊትሽም ከአሁኑ አመድ መስሏል። ነይ ቀረብ በይ። እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት እንዴት እንደጀመርኩ ልንገርሽ፤ ፍርሃትሽ ብን ብሎ ይጠፋል፣ ምን አለ በይኝ።

እኔ ማክሰኝት አንደኛ ደረጃ ሳስተምር ኖሬ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ታዲያ ቤት ቁጭ ብዬ ድስት እየከፈትኩ፣ «ይሄ ጨው አነሰው» እያልኩ፣ በወሩ አያትሽን እናኑን አሰለቸኋት። «ምነው አንተ ሰውዬ፣ ከእግሬ ሥር ዞር ብትልልኝ!» አለች። ዞር አልኩላታ! ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ድረስ ዞር አልኩላት! «ማስተርስ ልማር ነው» ስላት ታዲያ እንዴት ሳቀች መሰለሽ። «እስከ ኅዳር ያባርሩሃል!» አለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ታውቂኛለሽ፣ «ከተባረርኩማ ማክሰኝት ገበያ እግሬ አይረግጥም!» ብዬ ማልኩ። እና አስቢው፣ ገበያ ወጥቼ ሰው ሳላይ እኔ ሰው ሆኜ እኖራለሁ?

ታዲያ የምዝገባው መስኮት ጋ ደረስኩ። ልጅቷ ቀና ሳትል፣ «አባቴ፣ ተማሪው ራሱ ይምጣ» አለችኝ። «መጥቷል» አልኳት። «የት አለ?» «ይኸው ቆሟል።» ከኋላዬ ትፈልጋለች! ወደ ግራ ታያለች፣ ወደ ቀኝ ታያለች። «እኔ ነኝ ልጄ» ስላት እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ጥበቃዎቹም እንደዚያው፣ «ማንን ፈልገው ነው?» ይሉኛል፣ መታወቂያዬን ሳወጣ እየተቀባበሉ ያዩታል።

ትምህርቱ ፎክሎር ይባላል፣ የሕዝብን ወግና ልማድ የሚያጠና። መምህሯ ዶክተር ትርሲት ናት፣ ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች፣ ግን ቆፍጣና! እና በመጀመሪያው ቀን ገና ስትገባ ብድግ አልኩና፣ እንደ ቆሎ ተማሪነቴ ጊዜ ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ዘላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። «ምን እያደረጉ ነው አባቴ?» «መምህሬ አይደሉ? እጅ መንሳቴ ነው!» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፣ እሷም ሳቀች። ሸጋ ሰው ናት።

ታዲያ ራሷ የጻፈችውን ጥናት ሰጠችን። የቆሎ ተማሪ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ስለሚለምነው ልመና ነው። «አንብባችሁ፣ ስለ እሱ ጽፋችሁ ኑ» አለች። ቀላል! አየሽ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬን የያዝኩት በክረምት ክረምት ነው፣ እሱ ደግሞ ሀ፣ ለ፣ ሐ ምረጥ ነበር፣ ጽፈህ አምጣ የሚባል ነገር አላውቅም። እኔ የማውቀው ዜማ ቤትን ነው። እዚያ ተማር ማለት ቃል በቃል ያዝ ማለት ነው፣ አንዲት ቃል ብታዛንፊ የኔታ በአለንጋ ያቀኑሻል። እና ጥናቷን ጮክ ብዬ ደገምኩት፣ ደጋገምኩት፣ አብሮኝ ቤት የተከራየው ሙሉቀን፣ የእንስሳት ሕክምና የሚማር የደባርቅ ልጅ፣ «አባባ፣ ኧረ ጆሮዬ!» እስኪለኝ ድረስ። ከዚያ አንዲት ፊደል ሳላጎድል በእጄ ጻፍኩት፣ እሱ በኮምፒውተር ለቀመልኝ። «እንዴት ያለ አማርኛ ነው የሚጽፉት አባባ!» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ዶክተር ትርሲት ወረቀቴን ይዛ መጣች፣ ፊቷ ጠቁሯል። «አባቴ፣ ማሽኑ ጽሑፍዎን ሁሉ ቀይ አድርጎታል።» እኔ ደስታዬ! ምነው ደስ አይለኝ፣ በብራና መጽሐፍ ቀይ ቀለም ለማን ነው? ለእመቤታችን ስም፣ ለቅዱሳን ስም! «ሁሉንም?» አልኳት። «ሁሉንም።» «ኧረ አልበዛም? ጥቂቱን እንኳ በጥቁር ቢተውት» ብዬ እጅ ነሳሁ። እሷ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ቀዩ እኮ ከሰው የተቀዳው ነው፤ ይሄ ደግሞ ያስባርራል» አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ ፈራሁ፣ አፈርኩም። በዚህ ዕድሜ ሌባ! «አልቀዳሁም፣ በቃሌ ነው!» አልኩ። አላመነችኝም። ታዲያ ቆምኩና «ይከተሉኝ» ብዬ ከርዕሱ ጀምሬ ለቀቅሁት፣ አንቀጹን፣ የግርጌ ማስታወሻውን፣ የገጹን ቁጥር ሳይቀር፣ በዜማ! እሷ በጣቷ ትከተላለች፣ አፏን ከፍታለች። «ይብቃዎት፣ ይብቃዎት፣ አመንኩ!» አለች። «ግን አባቴ፣ ይሄ የእኔ ቃል ነው። የእርስዎ የታለ?» «የእኔማ መች ተጠየቀ?» «የጠየቅሁት እኮ የእርስዎን ነው! ሰኞ ይዘው ይምጡ፣ አለዚያ ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል።»

ወጥቼ በእግሬ እስከ ፒያሳ ሄድኩ፣ የእኔ የታለ፣ የእኔ የታለ እያልኩ። ታዲያ ፒያሳ መሀል ቅኔ ቤት ትዝ አይለኝም! እዚያማ የኔታ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ነው የሚሹ። አንድ ቀን የጓደኛዬን ቅኔ የራሴ አስመስዬ ባሰማቸው ሦስት ቀን ዘግተውኛል። ለካ እኔ ዜማ ቤት መስሎኝ ነው እንጂ የገባሁት ቅኔ ቤት ኖሯል! መንገድ ላይ ቆሜ በሳቅ ስፈርስ ባለባጃጁ፣ «ምነው አያ፣ ደህና ነዎት?» አለኝ። «ደህና ነኝ፣ ተማሪ ነኝ!» አልኩት።

ሰኞ ሁለት ገጽ ይዤ ገባሁ። «ዶክተር ትርሲት ተማሪው የሚለምነው ስለሚርበው ብቻ ነው ይላሉ» ይላል፣ ቀጥሎ «እኔ ግን አይመስለኝም» ይላል። ይቺን ሦስቴ ሰርዤ ሦስቴ መልሼ ነው የጻፍኳት፣ በመምህር ላይ «እኔ ግን» ብዬ አላውቅማ! እና አባቴ በሬም ላምም ነበረው፣ ርሃብ አላውቅም፣ የኔታ ግን «ሂድ ለምን፣ ትዕቢትህን ውሻ ይንከስልህ» ብለው ላኩኝ፣ ብዬ ጻፍኩ።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። «ማስረጃዎ የታለ?» አለችኝ።

ታዲያ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቀለልኩና እግሬን ወንበር ላይ ሰቀልኩት! «ይኸው የውሻው ጥርስ፣ አራቱም!» ክፍሉ እልል አለ። እሷ መነጽሯን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ አየችና «እንግዲያው እኔ የጻፍኩት መታረም አለበት» አለች። እንዲህ አለች እኮ! መምህር፣ ተማሪው ፊት! እንባዬ መጣ። እና ኅዳርም አለፈ፣ የሚያባርረኝም ጠፋ።

(መሠረት ሳቋን መጨረስ አቅቷት፦) «እና አያ፣ ትዕቢቱስ ለቀቀዎት?»

ኧረ የት! ከዚያን ቀን ወዲህማ ብሶብኛል!