ደብዳቤው ቤት ቀርቶ

በትልቁ ከተማ የአውቶቡስ መነሻ ወደ ቤቴ የሚመልሰኝን መኪና ስጠብቅ፣ «ቀስ በይ፣ ደረጃ አለ» የሚል የማውቀውን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ስል የሰፈራችን አናጢ ናቸው፤ የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ወንበሮች በሙሉ የሠሩት እኚህ ሰው ናቸው። ባለቤታቸውን በክንዳቸው ደግፈዋል። የባለቤታቸው ግራ ዓይን በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል።

«ጋሼ! ምን እግር ጣላችሁ?»

«የማይረባ እግር ነው፣ ልጄ» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ።

ከዚያ ነገሩን አጫወቱኝ። ከአሥር ቀን በፊት በባለቤታቸው ግራ ዓይን ላይ እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ ይወርዳል። የጤና ጣቢያችን ሐኪም ታያቸውና ደብዳቤ ጽፋ፣ «ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ዓይን ሆስፒታሉ ሂዱ፤ ይህን ስታሳዩ ቶሎ ያስገቧችኋል» ትላለች። አናጢው ግን ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተው በማግስቱ ባዶ እጃቸውን ተነሡ።

«ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

«በሽተኛዋን ይዤ እየሄድኩ ወረቀቷ ምን ያደርግልኛል?»

«ማረፊያስ አስባችሁ ነበር?»

«የእህቴ ልጅ አለ ብዬ ነዋ! ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ስንደርስ ወፍጮ ቤት የለ፣ ቤት የለ፤ ፎቅ ተገትሮበታል።»

«ስልክ ቁጥሩንስ አልያዙም?»

«እሱማ አለ። ቤት፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ተጽፏል።»

ሳቄ መጣና ባለቤታቸውን አይቼ ዋጥኩት።

«ከዚያ አንዱን መንገደኛ 'ሆስፒታል ወዴት ነው?' አልኩት፤ አሳየኝ» አሉ አናጢው። «ሁለት ቀን ተሰለፍን። በሦስተኛው ቀን ተራችን ሲደርስ 'እዚህ የዓይን ክፍል የለም' አይሉን መሰለህ! ትክክለኛውን ስናገኝ ደግሞ ደብዳቤ አምጡ አሉ። የለንም ስንል ከመደበኛው ተራ አስገቡን፤ ሌላ አራት ቀን። ሐኪሙ በመብራት ዓይኗን አየ። ከዚያ 'ይህ ዓይን ከእንግዲህ አያይም፤ ምነው በመጀመሪያው ቀን ባመጣሃት' አለኝ።»

ባለቤታቸው አንገታቸውን ደፍተው የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

«የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ አናጢው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «አባቴ አገር ሲያቋርጥ ወረቀት ይዞ አያውቅም። እየጠየቀ ሄዶ እየጠየቀ ይመለስ ነበር።»

«አባትዎ መንገድ የሚጠይቁት ሰው እሳቸው ማን እንደሆኑ፣ ወዴት እንደሚሄዱም ያውቃል፣ ጋሼ። እዚህ ግን ሆስፒታል ብለው ጠየቁ፣ ሆስፒታል አሳየዎት። ሰውየው አልዋሸም። ለመሆኑ እርስዎ በር ሲሠሩ ሳይለኩ እንጨት ይቆርጣሉ?»

«አበድኩ እንዴ?»

«ለእንጨት ያደረጉትን ለእትዬ አላደረጉም።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ተጸጸትኩ። እውነት ቢሆንም ለቆሰለ ሰው እንዲህ አይነገርም። አናጢው ጠባሳ የበዛባቸውን መዳፎቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው አፈጠጡባቸው።

«ቀኙ ዓይኔም ከውስጥ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ እንደ ግራው ሳይጠፋ ይታከም ብለዋል» አሉ ባለቤታቸው ቀስ ብለው። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ብለውናል።»

«አንመለስም! ይቺ ከተማ ያደረገችን ይበቃል!»

«እኔ እመለሳለሁ። አንተ ባትመጣ በዳበሳም ቢሆን እመለሳለሁ።»

አናጢው የባለቤታቸውን ፋሻ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሺ መምህር፣ ተሸነፍኩ። ምን ላድርግ?»

ከደብተሬ ገጽ ቀደድኩ። የሆስፒታሉን ሙሉ ስም፣ የሚወርዱበትን ፌርማታ፣ የቀጠሮውን ቀንና ክፍል ጻፍኩላቸው። የእህታቸው ልጅ ስልክ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ኪሳቸው ውስጥ እንዲሆን፣ ሳይነሡም እንዲደውሉለት፣ ደብዳቤውንና የሕክምና ካርዱን ባለቤታቸው ራሳቸው እንዲይዙ፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድመው እንዲገቡ ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ቃል እንደ ተማሪ ደገሙልኝ።

ባለቤታቸው ቀና አሉ። «መምህር» አሉኝ፣ «ይህን ሁሉ ያኔ አድርገን ቢሆን ዓይኔ ይተርፍ ነበር?»

መዋሸት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። «ሐኪሙ እንዳለው ከሆነ፣ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር።»

አናጢው ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡት፤ ፊታቸውን እንዳላይ ይሆናል።

እኔስ ብሆን? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ደብዳቤ መጻፍ አስተምሬያለሁ። አጥር የሚለየን ጎረቤቴ ግን ደብዳቤ ምን በር እንደሚከፍት ሳያውቁ ኖረዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላጫወትኳቸውም። አንባቢዬ ሆይ፣ ወደማታውቀው ከተማ ከመነሣትህ በፊት የምትሄድበትን ጻፍ፣ የሚቀበልህን ጥራ፣ ወረቀትህን ያዝ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳምንት ከሚፈጅ ሰልፍ ያድንሃል፤ ሰው ከእጅህ ሳያመልጥ ያደርስሃል። የምታውቅ ከሆንክ ደግሞ ሳትጠየቅ ንገር። እኔ የተናገርኩት ከረፈደ ነው።

አውቶቡሱ መጣ። አናጢው ባለቤታቸውን ደግፈው አሳፈሩና ከመተላለፊያው በኩል ሊያስቀምጧቸው ሲሉ፣ እሳቸው የባላቸውን እጅ ያዙ።

«በመስኮቱ በኩል አድርገኝ» አሏቸው። «ይቺኛዋ ዓይኔ እስካለች መንገዱን ልየው።»