የአደባባዩ ድንጋይና የዝላቲና ትምህርት

አቶ ጌንቾ በዚያ ጠዋት ወደ አውቶቡስ መቆሚያው ሲወርዱ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለክብር ቀን ብቻ የሚወጣውን ኮታቸውን ለብሰው ነበር። ወደ ወረዳው ከተማ የሚሄዱት ለምክር ቤት ስብሰባ ነው። ወረዳው ከደን እንጨት ሽያጭ ጥቂት ገንዘብ አግኝቷል፤ ገንዘቡ ግን ከአንድ ጉዳይ አያልፍም። ወይ የእሳቸው መንደር የጎርና ክሩሻ አደባባይ እንደ ጥንቱ በጥርብ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ወይ ፈተናውን አልፈው መክፈል ስላቃታቸው ብቻ ከዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የቀሩ ልጆች ይማሩበታል። ከአቶ ጌንቾ በቀር ያሉት የምክር ቤቱ አባላት እኩል ለእኩል ስለተከፈሉ፣ እሳቸው ያሉበት ወገን ያሸንፋል። የአደባባዩን ሐሳብ ያመጡት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር።

መቆሚያው ከተዘጋው መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት ነው። እዚያ ሲደርሱ የበግ አርቢው የዶብሪ ልጅ ዝላቲናን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኟት። እውነቱን ለመናገር፣ ሳያዩዋት ቢያልፉ በወደዱ። ልጅቷ የእንስሳት ሕክምና ለመማር ፈተናውን አልፋ የምትከፍለው እንዳጣች፣ ምክር ቤቱም ካልፈቀደ ዛሬውኑ እዚያው ከተማ ጀርመን አገር አትክልት ለመልቀም እንደምትፈርም መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሷ ግን ብድግ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸውና ደኅና ማደራቸውን ጠየቀቻቸው።

አቶ ጌንቾ ተቀመጡና ወቀሳ ጀመሩ።

«አባትሽ ባለፈው ግንቦት ትምህርት ቤት ስትጨርሺ መንደሩን በጠቦት ጥብስ አጥግቦ፣ ክላርኔት ነፊ ከከተማ አስመጥቶ፣ ባለ ሪባን መኪና ተከራይቶ ነበር። ዛሬ ደግሞ መንግሥት ልጄን ያስተምርልኝ ይላል። ይሄ አግባብ ነው ትያለሽ፣ ልጄ?»

«አግባብ አይደለም፣ አባባ ጌንቾ። እኔም ግብዣው ይቅር ብዬ ለምኜው ነበር። ግን ቢቀር ኖሮ ‹ዶብሪ ልጁን በጓሮ በር አስመረቀ› እያለ መድረሻ የሚያሳጣው ማን ነበር? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንዱ እርስዎ ነበሩ። የመጀመሪያውን ሆሮም የመሩት እርስዎ ነዎት።»

አቶ ጌንቾ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚጨፈረውን ሆሮ ከፊት ሆኖ መምራት ነፍሳቸው ነው፤ የዶብሪን ጥብስም ሁለት ጊዜ አስጨምረው በልተዋል። እንዲህ ነን እኛ ቡልጋሪያውያን። ለአንድ ሌሊት ግብዣ በጎቻችንን እንሸጣለን፤ መስከረም ሲመጣ ለልጁ ትምህርት ባዶ እጃችንን እንቆማለን። ጥፋቱ የአንድ ዶብሪ አይደለም፤ በላተኛውም ጎረቤት እጁ አለበት።

ሽማግሌው ግን በዚህ እጅ የሚሰጡ አልነበሩም። መንግሥት መንገድና ውሃ ይሥራ እንጂ ልጅ ማስተማር የአባት ፋንታ ነው አሉ። በነፃ የተገኘ ትምህርት አይከበርም፤ በሕዝብ ገንዘብ የተማረውም ዲፕሎማውን እንደያዘ አውሮፕላን ላይ ይወጣል፤ የኛ ደን ተጨፍጭፎ የጀርመን ከብት ይታከምበታል ብለው አማረሩ። ዝላቲና እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«በዕዳ የሚማረው ነው እኮ ቀድሞ የሚሄደው» አለች። «አበዳሪው በር ላይ ቆሞ እዚህ መንደር ማን ይቀመጣል? ወረዳው ካስተማረኝ ግን ተመልሼ ለማገልገል እፈርማለሁ፤ ለምክር ቤቱ የቀረበው ሐሳብ ላይም ይኸው ተጽፏል። የአባት ፋንታ ነው ላሉት፣ የአባቴን አቅም ያውቁታል። ደግሞስ የከብት ሐኪም የሚጠቅመው አባቴን ብቻ ነው? ባለፈው ክረምት በጎቹ ሲታመሙ ሐኪሙ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ያለቀው የማን በግ ነበር?»

ካለቁት በጎች መካከል የአቶ ጌንቾም ነበሩበት። ነገሩን ለማስቀየስ ወደ አደባባዩ ተመለሱ። ስለ አደባባዩ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። እሑድ አመሻሽ ላይ ያ ሁሉ ሰው ታጥቦ፣ ተበጥሮ ይወጣ እንደነበር፣ ዙርና የሚሉት የእንጨት መለከት ድምፅ ከታች ወንዙ ድረስ ይሰማ እንደነበር፣ የያኔው ወጣት ሐኪም ሆሮ አልችል ብሎ የሰው እግር ሲረግጥ ልጃገረዶቹ እንዴት ይሥቁበት እንደነበር ተረኩ። ያ ዘመን ናፍቋቸዋል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚህ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት በመድኃኒት ቀማሚነት ስትሠራ የኖረችው ሟች ባለቤታቸው ኔዳ ናፍቃቸዋለች። አደባባዩ ቢታደስ ያ ጊዜ በመጠኑም ቢሆን ይመለሳል ብለው ከልባቸው ያምናሉ።

«እትዬ ኔዳ ግን የዚህ አገር ሰው አልነበሩም አይደል?» ብላ ጠየቀች ልጅቷ። «እንዴት ነበር የመጡት?»

ይህን ጥያቄ ማን ጠይቋቸው ያውቃል? ፊታቸው በራ።

«በዚሁ አውቶቡስ ነበር የመጣችው፤ ሻንጣዋ በገመድ የታሰረ። አባቷ ሮዶፕ ተራሮች ላይ ትንባሆ የሚተክል ድሃ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ቤተሰቡ በሙሉ ለማድረቅ ቅጠል በክር ሲሰካ ይውላል። መጀመሪያ ሰሞን ‹ምን ዓይነት ጭልጥ ያለ ገጠር ነው› ብላ አለቀሰች። የምደባ ሦስት ዓመቷን ጨርሳ ልትሄድ ነበር ሐሳቧ። አንድ እሑድ ሆሮ ላይ እጇን ያዝኩ፤ ከዚያ በኋላ አልለቀቅኩም። የትንባሆ ቅጠል ስትሰካ ያደገች እጅ እኮ ናት፤ መንግሥት አስተምሮ ነው ወደ እኛ የ...»

ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። ሽማግሌው የተናገሩት ወደ ራሳቸው ጆሮ መድረሱን ዝላቲና ፊታቸው ላይ አየች።

«የሰው እግር ይረግጥ የነበረው ሐኪምስ?» አለች ቀስ ብላ።

«እሱም ተመድቦ ነው የመጣው። የእረኛ ልጅ ነበር።»

«የያኔዎቹ መምህራንስ?»

«እነሱም።» አቶ ጌንቾ አንገታቸውን ደፉ። «ሁሉም።»

«እንግዲያው አባባ፣ ያንን አደባባይ ያደመቀው ድንጋዩ ነበር እንዴ? ዘንድሮ ድንጋዩ ቢነጠፍ ማን ይጨፍርበታል? እኔም ሄጃለሁ፤ እኩዮቼም ሄደዋል።»

አውቶቡሱ መጣ። መንገዱን ሙሉ አቶ ጌንቾ በመስኮቱ እያዩ ኔዳን አሰቡ። ያ ትንባሆ ገበሬ ያኔ ‹ክፈል› ተብሎ ቢሆን ኖሮ ኔዳ እስከ መጨረሻዋ እዚያው ቅጠል ስትሰካ በኖረች፤ እሳቸውም መኖሯን እንኳ ሳያውቁ ባረጁ። ይህ ሐሳብ በዚህ ዕድሜያቸው አስፈራቸው። የሕይወታቸውን ደስታ ሁሉ የሰጣቸውን ነገር ለሌላው ሊነፍጉ ኮታቸውን ለብሰው እየሄዱ ነበር። ከተማ ሲደርሱ፣ «ስብሰባው እስኪያልቅ እንዳትፈርሚ» ብለዋት ገቡ።

ስብሰባው ላይ ሲነሱ ሁሉም ስለ አደባባዩ የሚናገሩ መስሎት ወንበሩን አመቻቸ።

«የአደባባዩን ሐሳብ ትቼዋለሁ» አሉ። «እናንተም የእኔ ዕድሜ እኩዮች፣ ድሮ ጥሩ ነበር እያልን ስናለቅስ እንውላለን። ድሮን ጥሩ ያደረጉት የድሃ ልጆች ናቸው፤ መንግሥት አስተምሮ የላከልን። አንድ የከብት ሐኪም ብናስተምር በጋችን ይተርፋል፤ በጉ ከተረፈ አርቢው አገሩን አይለቅም፤ አርቢው ካልለቀቀ የልጆች ድምፅ ይሰማል፤ የተዘጋው የመንደራችን ትምህርት ቤትም አንድ ቀን ይከፈት ይሆናል። አንዳንዱ ሳይመለስ ይቀራል ትላላችሁ። አዎን፣ ይቀራል። ያላስተማርነው ግን ከነጭራሹ የሚመለስበት ምክንያት የለውም። ከባለጸጋ ልጅ ብቻ ሐኪም የሚፈልግ አገር ግማሹን ሐኪሙን በግ ጥበቃ ላይ ጥሎታል ማለት ነው። እኔ እጄን ለልጆቹ አነሣለሁ።»

ቀድሞ የሚቃወሟቸው ተገርመው ተያዩ፤ ከወዳጆቻቸውም ጥቂቶቹ ተከተሏቸው። ሐሳቡ አለፈ። አቶ ጌንቾ ሲወጡ ዝላቲና ደረጃው ሥር ቆማ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ገባት፤ እጃቸውን ስማ አለቀሰች።

መስከረም ሲጠባ መንደርተኛው ሊሸኛት ወጣ። እኛ ዘንድ መንገደኛ ሲሄድ መንገዱ እንደ ውሃ እንዲቀናው ከፊቱ ከመዳብ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይፈሳል። አቶ ጌንቾ ወጣቱ ወደ ጀርመን መጉረፍ ከጀመረ ወዲህ ይህን ማድረግ ትተው ነበር፤ ለማይመለስ ሰው ውሃ አላፈስም ይሉ ነበር። በዚያ ቀን ማንቆርቆሪያውን ከዶብሪ እጅ ተቀበሉ። ውሃውን ሲያፈሱት ግማሹ ጫማቸው ላይ ወረደ። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም ብዙ ቆሙ። በሮዶፕ ተራሮች ያኔ ገና የማያውቁት ድሃ ትንባሆ ገበሬ፣ የኔዳ አባት፣ በልጁ ፊት እንዲህ ውሃ አፍስሶ ነበር፤ ልጁም ተመልሳ እቤቱ አልኖረችም፤ ለእሳቸው ቀረች። ያን ሰው በሕይወት ሳለ አንድም ቀን አላመሰገኑትም ነበር። ባዶውን ማንቆርቆሪያ እንደያዙ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወደ ተራሮቹ ዞረው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ አመሰገኑት።