የሸበተው ጋኔን

ዞይላ ከሰፈሩ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ስትደርስ እህቷ ኤዴልማ ቀድማት ቦታ ይዛ ነበር። ልመለስ ወይ ብላ አሰበች። ግን አንሶላው ከብዷታል፤ ደግሞ መንደሩ ሁሉ የሰይጣን ጠላት የሚላት ሴት እህቷን ፈርታ ተመለሰች ከሚባል ወገቧ ቢቆረጥ ይሻላል። ከገንዳው ማዶ ዞራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ልብሷን ዘረገፈች።

ሁለቱ ከተነጋገሩ ዓመት አልፏቸዋል፤ እናታቸው ዶኛ ቶሪቢያ ካረፉ ወዲህ መሆኑ ነው። ኤዴልማ በእናቷ ቤት ሻማ አብርታ፣ የቅዱሳን ሥዕል ደርድራ የሙታን ጸሎት አስደረገች። ዞይላ ደግሞ ወደ ወንጌላውያኑ ጉባኤ ከገባች ቆይታለችና «ሥዕል ያለበት ቤት አልገባም» ብላ ደጅ ቀረች። ከዚያ ጀምሮ ላገኘችው ሁሉ የምትነግረው አንድ ነገር ነው፤ ከእናቴ ዕቃ አንዲት ማበጠሪያ እንኳ አልደረሰችኝም፣ ሁሉንም ያቺ ሰበሰበችው ትላለች። እውነትም ነገሩ ያንገበግባት ነበር።

ከኤዴልማ ጎን አሮጊቷ ጎረቤት ዶኛ ካንዴላሪያ ያጥባሉ። ጆሯቸው ስለደከመ ሰው ሁሉ የሚያናግራቸው እየጮኸ ነው። ለኤዴልማ ይህ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነበር።

«እንዴት አደሩ፣ ዶኛ ካንዴላሪያ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ይሄ አዲሱ ሳሙና እጅ ይልጣል እንጂ አረፋው ደህና ነው። ፀሐይዋም ዛሬ አልለገመችም፣ እስከ ምሳ ይደርቅልናል... ሰፈራችን እንዴት ሰላም እንደሆነ ግን ልብ ብለዋል? እኔማ ከየት መጣ ይሄ ሰላም እያልኩ ስገረም ነበር። ለካ አንዲት የጸሎት ጀግና አለችልን። ሰይጣን በእኛ መንገድ ማለፍ ትቷል አሉ። ምን ያድርግ? እሱም ይደክመዋል እኮ።»

ዞይላ አንሶላውን ሳሙና መታችው። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል። በሆዷ የምላስን መንፈስ ገሠጸች። መንፈሱ ግን አልሰማም።

«እንዴት ያለች ንቁ ሴት መሰለችዎት! እኛ አንድ ነገር ሲበላሽ ሠሪ እንጠራለን። እሷ ከሥሩ ነው የምትይዘው። በቀደም ጁስ መፍጫዋ አልዞርም ሲላት እጇን ጭና ስትገሥጸው አረፈደች አሉ። ጎረቤቷ መጥታ መብራት መጥፋቱን እስክትነግራት ድረስ... ያ ምስኪን ጋኔን ስንት ተሠቃይቶ ይሆን? አውቶቡሱስ መንገድ ላይ ሲቆም? ተሳፋሪው ሁሉ ሹፌሩን ሲሳደብ እሷ ብቻ ተነሥታ ጎማውን የጸሎት ዘይት ቀባችው። እርግጥ የጎደለው ናፍጣ ነበር። ቢሆንስ? ዘይትም ዘይት ነው፣ ልቧን ነው ማየት።»

ወዲያና ወዲህ ያሉት ሴቶች ልብሳቸው ላይ አጎነበሱ። ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዞይላ እንዳላየች ሆነች።

«በሯንማ ምን ልበልዎት። ከላይ እስከ ታች በዘይት ታጥባዋለች። ባሏ ከሥራ ሲመጣ እጀታው እየሙለጨለጨበት በመስኮት ገባ አሉ። እንዲህ ነው እንጂ በር! ክፉ መንፈስን ብቻ ሳይሆን ባልንም ያጣራል። እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ዶኛ ካንዴላሪያ... ዘይቱ ውጭ ያለው እንዳይገባ ነው አይደል? ቀድሞ ውስጥ የነበረውስ በየት በኩል ይወጣል? መቼም ያላዋቂ ጥያቄ ነው። ሻማ የማበራ ሴት ስለ መንፈስ ምን አውቃለሁ?»

ዶኛ ካንዴላሪያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አይታወቅም። ኤዴልማ የጨመቀችውን ቀሚስ አራግፋ ሌላ አነሣች፣ ድምጿም ትንሽ ለዘብ አለ።

«የሰሞኑን ምስክርነቷንስ ሰሙት? ኧረ እርስዎም ሰምተውታል፤ ያ ጉባኤው ጣሪያ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ እንኳን ለእርስዎ መቃብር ላሉትም ይተርፋል። ‹አንዲት ምቀኛ ደጄ ላይ መተት ጣለችብኝ፣ እኔም በእሳት አነደድኩት› አለች። እኔ ቤቴ ሆኜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው የሰማሁት። ዓይኔ አነባ... ከሽንኩርቱ ነው።

«ደግሞ አልተሳሳተችም እኮ። ጉባኤያቸው የመጣው እንግዳ ሰባኪ በደንብ አስተምሯቸው ነበር። ቀይ ጨርቅ፣ ጥቁር ክር፣ ጤና አዳም፣ የሰው ጸጉር አንድ ላይ ተቋጥሮ ካገኛችሁ ምንም ሳትሉ አቃጥሉ ብሏል። እሷ ደግሞ ታዛዥ ናት። እኔ ብሆን ኖሮ እጠይቅ ነበር፤ ደካማ ስለሆንኩ። ‹ይሄ የማን ነው?› እል ነበር። ጀግና ግን አይጠይቅም... ክብሪት ይጭራል።»

ዞይላ ያን ቀን አልረሳችም። ከጸሎት ስትመለስ ነው ቋጠሮውን ደጃፏ ላይ ያገኘችው። የጉባኤው እህቶች ተጠርተው መጡ፣ ደጇ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ከበቡት፣ ዘይት ፈሰሰበት። ጸጉር መሆኑን ስታይ ጮኸች እንጂ እስከ ውስጡ አልፈታችውም። ሲነድ ያ ክፉ ሽታ ተነሣ። «ጋኔኑ ሲወጣ ነው» አለች፤ ሁሉም ሃሌ ሉያ አሉ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም።

«ብቻ ጸጉሩ ሽበት ነበረበት አሉ። እርስዎ ዕድሜ ጠግበዋል፣ ብዙ አይተዋል... ጋኔን ይሸብታል እንዴ? ጫፉ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ጥብጣብ ታስሮበት ነበር ይላሉ። እንዴት ያለ ዘናጭ ጋኔን ነው በሉ።»

የዞይላ እጅ ድንጋዩ ላይ ቆመ።

እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉራቸውን ታጥበው ደፉ ላይ ይቀመጡ ነበር። ከኋላቸው ቆማ የምትጎነጉንላቸው ዞይላ ነበረች፤ ኤዴልማ ለዚህ ትዕግሥት አልነበራትም። ጫፉን በአረንጓዴ ጥብጣብ የምታስረውም እሷው ናት። ያን ቀንም ጥብጣቡን እሳቱ ውስጥ አይታው ነበር። ዓይኗ አይቶታል፤ አፏ ግን ድምፁን ጨምሮ መዘመሩን ቀጠለ።

«ሐሜተኞች ደግሞ ሌላ ያወራሉ፣ ዶኛ ካንዴላሪያ። ሰው መቼም አያርፍም። ይቺ ጀግና ምቀኛ እህት አለቻት አሉ። ያቺ ምቀኛ የሬሳ ሳጥኑ ከመከደኑ በፊት የእናቷን ሹሩባ ቆረጠች፣ እኩል ለሁለት ከፈለችው፣ ብል እንዳይበላው ጤና አዳም አደረገችበት። ‹ከእናቴ ምንም አልደረሰኝም› የሚል ለቅሶ በየቀኑ ስትሰማ ጊዜ፣ ግማሹን በእናቷ የበዓል ሽርጥ ቋጠረችው። ሽርጡ ቀይ ነበር፣ ምን ታድርግ? ክሩም ጥቁር የሆነው ሐዘን ላይ ስለነበረች ነው፣ ቤቷ ሌላ ክር አልነበራትም። ሄዳ ብታንኳኳ የሚከፍት የለም። ገፍታ እንዳታስገባው በሩ ዘይት ነው... ደፉ ላይ አስቀምጣው ሄደች ይላሉ። እኔ አላምንም። ምቀኛ እንዲህ ያደርጋል?

«ሌላው ግማሽ አሁንም ያቺ ሴት የልብስ ሳጥን ውስጥ አለ አሉ። የእሷ በር ደግሞ ዘይት አያውቅም፣ በጣት ሲገፉት ይከፈታል። ግን ሥዕል አለበት... ጀግና እንዴት ብላ ትገባለች?»

ውኃው ከገንዳው ሞልቶ በዞይላ ጫማ ላይ ይፈስ ነበር። አንሶላው ታጥቦ አብቅቷል፤ እሷ ግን ፊቷን ለማዞር ስላልቻለች ደግማ ሳሙና መታችው። ልትናገር ብትሞክር የሚወጣው ለቅሶ እንደሆነ ታውቃለች፣ ያንን ደግሞ ሰፈሩ ፊት አታደርገውም።

ኤዴልማ ልብሷን ሰብስባ ቅርጫቱን ወገቧ ላይ አደረገች።

«በሉ እኔ ላስጣው፣ ፀሐይዋ ሳታልፍ። እንዲያው እግዚአብሔር ይባርካት፣ እንደ እሷ ያለችውን በየሰፈሩ ያብዛልን። ውጊያዋን ሁሉ ድል አድርጋ ሰማይ ቤት ስትደርስ እናቷ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋት። እንደ ድሮው ቅዳሜ ጀርባቸውን ሰጥተው ‹ነይ ልጄ፣ ጸጉሬን ጎንጉኚልኝ› ይበሏት... ያን ቀን እጇ ጭስ ጭስ አይሽተት። አሜን በሉ እንጂ፣ ዶኛ ካንዴላሪያ።»