ዘፈኑ ሳያልቅ

ከጋሸና ተነስተን ላሊበላ ስንቃረብ ሾፌሩ የፈረንጅ ካሴት ከፈተ። ዘፈኑ አላልቅ ሲል፣ ከጎኑ የተቀመጡት መሪጌታ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ዘፈን ነው?»

«አንድ ነው፣ የኔታ። አንድ ቱሪስት ነው የሰጠኝ። ላጥፋው?»

«ኧረ ተው! እንደኛ ማኅሌት እኮ ነው። በዝግታ ጀመረ፣ ከበሮው ገባ፣ ይኸው አሁን ሊያሞቀው ነው።»

«ተሳፋሪው ሁሉ ‹በዛ፣ ቀይረው› ነው የሚለኝ። እስከ መጨረሻው የሰማልኝ የለም።»

«እኛንስ መች ተዉን? ‹አሳጥሩት› ይሉናል።»

መናኸሪያ ገብተን ቆምን። ዘፈኑ አላለቀም።

«ደርሰናል፣ የኔታ። ይውረዱ።»

«ሳያልቅ? ቅዳሴ ቢሆን ሳያሰናብቱን እንወጣ ነበር?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ።»

የበሩን እጀታ ለቅቄ ተመልሼ ተቀመጥኩ።