ዶክተሯ መስታወት ቆራጭ ሆነች

አረፍ በል ወንድምዬ። መንገዱ እንዴት ነበር? ፀሐይዋ ዛሬ ጨክናለች አይደል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ባለቤትህስ?... ተው ተው፣ አትመልስ! መርፌውን ወግቼሃለሁ። ማደንዘዣው እስኪይዝህ አፍህን ከፍተህ ስማኝ ብቻ።

አንዲት የጥርስ ሐኪም አውቃለሁ። የማን ሚስት እንደሆነች አልናገርም፤ ሐሜት አልወድም! ከጓደኛዋ ጋር ክሊኒክ ከፍተው አሥራ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ጥርስ ነቀሉ። እጇ እንዴት ቀላል መሰለህ! ጥርሱ ወጥቶ እንኳ «ዶክተር፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?» የሚላት ነበር። ታዲያ አንድ ሰኞ ነጭ ጋወኗን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና፣ «ባለቀለም መስታወት ሥራ ልማር ነው» አለች። ውጭ አሥራ አንድ ሰው ጉንጩን ደግፎ ተራ ይጠብቃል... ድፍረቷ ግን! ጓደኛዋንም አላማከረቻትም። ምን ብላ ታስጨንቃት? አሳቢ እኮ ናት። ሸሸች የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እሟገትላታለሁ። አልሸሹም፣ ዞር አሉ!

ሥራውን ሄጄ አየሁት፤ ጉድ እኮ ነው! መስታወቱን ትቆርጣለች፣ ቁርጥራጩን በእርሳስ ብረት ታጋጥማለች፣ ትበይዳለች። መቁረጡስ ድሮም አልከበዳት፤ ማጋጠሙን ነው አሁን የተማረችው። የመጀመሪያ ሥራዋ የአንድ ሠርግ አዳራሽ መስኮት ነበር። ርግብ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። አንገቴን ዘንበል አድርጌ ሳየው ግን... ርግብ ነው መንጋጋ? ሥር ሁሉ አለው! ኧረ አትሳቅ፣ መሣሪያው አፍህ ውስጥ ነው!

ጓደኛዋንስ መች ረሳች? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባል የለ? እሷ ጠጠር አልሰጠችም፤ አረንጓዴ መስታወት ሠርታ ላከች። ያውልህ፣ መስኮቱ ላይ ያለው። የሚያበራው ባዶው ወንበር ላይ ነው። ትናንት አንዲት እናት እዚያ ተቀምጠው በእጅ መስታወት ጥርሳቸውን ቢያዩ፣ «ኧረ ዶክተር፣ ሻግቷል!» ብለው ጫማቸውን ጥለው ሮጡ! ጫማውን ይዤ እስከ ደረጃው ተከተልኳቸው፤ በሳቅ ሞትኩ እልሃለሁ። ስመለስ... የምነግረው ሰው አጣሁ እንጂ።

ያዘህ? ጎሽ። አይዞህ፣ ጥርስ ሲነቀል የሚያመው የሄደው አይደለም፤ የቀረው ድድ ነው።

ያቺን ሴት ድንገት ካገኘሃት ምርቃቴን አድርስልኝ። እጇን ይባርክላት። ብርሃን አይንሳት። ሥራው ሲሰፋላት ደግሞ ብቻዋን እንዳትደክም... ልክ እንደ ራሷ ያለች ባልንጀራ ይስጣት።