አላምጬ ያጎረስኩት ቆሎ

የኮተቤ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ ነጭ ጋዋን ክንዷ ላይ የጣለችውን ወጣት በጥያቄ አፋጠዋታል።

«ልጄ፣ ሐኪም ነሽ?»

«ገና ተማሪ ነኝ፣ እናቴ።»

«ወንድሜን የጨጓራ ካንሰር ነው አሉት። እጢው ውስጥ ቫይረስ ተገኘ። በምራቅ ነው አሉ የሚተላለፈው?»

«አዎ። ግን ሁላችንንም ማለት ይቻላል በልጅነታችን ይዞናል፤ ብዙውን ሰው ምንም አያደርገውም። ወንድምዎ ሲጋራ ያጨሳሉ? ጨውስ ያበዛሉ?»

«ሁለቱንም!»

«እነሱም እኮ ካንሰሩን ያመጡታል።»

«ሕፃን ሳለ ቆሎ እያላመጥኩ የማጎርሰው እኔ ነበርኩ።»

«ከማን እንደያዛቸው ማንም አያውቅም፣ እናቴ።»

«እኔ አውቃለሁ። ወራጅ አለ!»

ጭኔ ላይ ለተቀመጠችው ልጄ ልቆርስላት በጥርሴ የያዝኩትን ብስኩት፣ ሳልነክሰው ቀስ ብዬ ከአፌ አወጣሁት።