ጥርስ የለሹ ደወል

— ሄሎ? ... አቤት፣ ምናሴ ነኝ፣ ከድንጋይ መፈተሻ ላቦራቶሪው። ... መሪጌታ ወልደ ጻድቅ! እንዴት ሰነበቱ? ... እግዚአብሔር ይመስገን። የውኃ ጉድጓዱስ?

ምናሴ ወንበሩን ወደ ሐይቁ አዞረ። ባለፈው ወር በጀልባ ወደ ገዳሙ ተሻግሮ፣ ለቁፋሮው የአለት ናሙና ያመጣው እሱ ነው።

— እንዴት ቆመ? ... የመሰርሰሪያው ጥርስ? ሁሉም? ባንድ ጧት? ... ኧረ አይሆንም መሪጌታ፣ እኔ እኮ ለክቸዋለሁ። ሹል ብረት ድንጋዩ ላይ እንጎትታለን፤ ጫፉ ምን ያህል እንደ ዶለዶመ በማይክሮስኮፕ እናያለን። የናንተ ድንጋይ ብረቱን እንኳ አልነካውም። "ጥርስ አይበላም" ብዬ የጻፍሁት በግምት አይደለም። ... "አለቱ አላነበበውማ"? ይሳቁብኝ፣ ግዴለም። ... ሰዎቹ ጥለው ሄዱ? ታዲያ ውኃ? ... አሁንም ከሐይቁ፣ በጀሪካን።

— ሩሐማ፣ ያን የድንጋይ መጋዝ አጥፊልኝ። ... ሄሎ፣ ረዳቴን ነው፤ ይሰሙኛል? ... ምን ጠፋ አሉኝ? ... የድንጋዩ ደወል? ... ገመዱ ተበጥሶ... ወይራው ሥር አስደግፋችሁት...

ምናሴ ጠረጴዛውን አየ። ናሙና ብሎ ከወይራው ሥር ያመጣው ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ ተጋድሟል። ያን ቀን መሪጌታ ዳቦና ጠላ ሊያመጡለት ወደ ቤት ገባ እንዳሉ ነበር ያነሣው፤ አለት መቆፈሩ ታክቶት፣ ጀልባውም ጥሎት እንዳይሄድ። መሐሉ ጎድጎድ ያለ ነበር። ለፍተሻ ልሙጥ ገጽ ያስፈልጋልና ጎድጓዳውን በመጋዝ ቆርጦ ጣለው። የነገር ሁሉ መበላት ሲለካ የሚውል ሰው፣ ስንት ትውልድ እየመታ የበላውን ድንጋይ አላወቀውም።

— ማን ወሰደው ይላሉ? ... ጦጣ ሊሆን አይችልም? ... አዎ፣ ለጦጣ ይከብዳል። ... ሩሐማ፣ አትሳቂ። ... ታዲያ አሁን በምን ትደውላላችሁ? ... በመሰርሰሪያው ራስ? ጥርስ የለሹን ሰቀላችሁት? ... ስምም ወጣለት? ማን ተባለ? ... "ምናሴ"። ... የቆሎ ተማሪዎቹ ናቸዋ። "ምናሴን ምታው፣ ቅዳሴ ደረሰ" እየተባባሉ። ... ይገባኛል።

ጆሮው ጋለ። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮ አዛወረ፤ ያም ግሎ ቆየው።

— መሪጌታ... ደወሉ እኔ ዘንድ ነው። ... ያውቁ ነበር? ... ዳቦውን እንደ ያዙ ከኋላዬ ቆመው? ... ለፍተሻ መሆኑን አላወቁም፤ ለቤት ጌጥ መስሎዎት። ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ? ... "እንግዳ ሲሰርቅ ማየት ያሳፍራል"። ... ኧረ እርስዎ ምን አድርገው ያፍራሉ? ... ይዘውት የነበረውን ዳቦስ? ... ለውሻ።

ሩሐማ መሳቋን ተወች።

— ሰንጥቄዋለሁ። ለሁለት። ... እሺ፣ ልምታው። ስልኩን አስጠጋለሁ፣ ይስሙት።

በዚያው በመለኪያው ብረት ትልቁን ክፋይ መታው። ድፍን ያለ ድምፅ ወጣ፣ ጡብ እንደ መቱ።

— ሰሙት? ... አዎ። ሞቷል። ... ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ። አለቱንም በእጄ ቆፍሬ አወጣለሁ፣ ጀልባው ቢሄድም ይሂድ። ... ግን ተማሪዎቹ ማን እንደ ወሰደው ያውቃሉ? ... ሁሉም ያውቃሉ። ታዲያ ስሙን ያወጡለት በጥርሱ ብቻ አይደለማ። ... ሠርክ ደረሰ? ... አይ፣ አልዘጋም። ... ይምቱት። እየሰማሁ ነው።